እንጀራና ወጥ ሳይለያዩ ክብደት መቀነስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ገበታ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው «ምግብ አታቀላቅሉ» የሚለውን የክብደት መቀነሻ ሕግ ጀምረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ለተዉት ሰዎች ነው። ሕጉ በቴሌግራምና በቲክቶክ በየጊዜው ስሙን እየቀያየረ ይዞራል፤ ይዘቱ ግን አንድ ነው። ኃይል ሰጪ ምግብ (እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ) ከገንቢ ምግብ (ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ) ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም። ፍራፍሬ በባዶ ሆድ ለብቻው ይበላል። ወተት ከምንም ጋር አይገናኝም። ምግብ ላይ ውሃ አይጠጣም። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ለመሻገር ሦስት አራት ሰዓት ይጠበቃል።

በዚህ ሕግ የከሱ ሰዎች አሉ። ያከሳቸው ግን ምግቡ መለያየቱ ሳይሆን ማነሱ ነው። እኛ አገር እንጀራን ከወጥ ለይቶ ለመብላት የተነሳ ሰው የሚበላው ስለሚያጣ ብቻ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የጄኔቭ ጥናት 54 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለስድስት ሳምንት በቀን 1,100 ኪሎ ካሎሪ ብቻ እንዲመገቡ አደረገ። ገሚሱ እየለየ፣ ገሚሱ እየቀላቀለ በላ። የለዩት በአማካይ 6.2 ኪሎ፣ የቀላቀሉት 7.5 ኪሎ ቀነሱ፤ በስታትስቲክስ ሚዛን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ መቀነሱን ይይዛል፣ መለየቱን ይተዋል። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 1ን እና ደረጃ 3ን።

ደረጃ 1፦ መጀመር የሌለበትን ሰው አስቀድማችሁ ለዩ

የሚከተሉት ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ ምግብ አይቀንሱ፤ የመለየቱን ሕግ ደግሞ ጭራሽ አይሞክሩት።

1. ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና የሚያጠቡ እናቶች።
2. ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች። ልጅ ወፍሯል ብላችሁ ከምግብ አታስርቡት፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመዝኑት።
3. የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ከቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ ያሉ።
4. የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው።
5. የስኳር ሕመምተኞች። ይህን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው «ዛሬ ኃይል ሰጪ አልበላም» ብሎ ሥጋና ጎመን ብቻ በልቶ ቢተኛ መድኃኒቱ ሥራውን አያቆምም፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብና መደናገር ነው። ይህ ከታየ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው አጠጡት፤ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው እንጀራ ወይም ዳቦ ይብላ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የስኳር ሕመምተኛ ክብደት መቀነስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ይጠቅመዋል። ግን የምግቡና የመድኃኒቱ መጠን አብረው መስተካከል ስላለባቸው ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ይጀምር።

የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ክብደታችሁ ሲወርድ ግፊታችሁ አብሮ ሊወርድ ስለሚችል በየሁለት ሳምንቱ ተለኩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሳታስቡት እየከሳችሁ ከሆነ ደግሞ ይህ መመሪያ ለእናንተ አይደለም። ሳይሞክሩ መክሳት ምርመራ የሚፈልግ ምልክት ነው።

ደረጃ 2፦ መለኪያችሁን አዘጋጁ

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና የምትመላለሱበት አንድ ሚዛን ነው። ሌላ ነገር አትግዙ። የሚያከሳ ሻይ፣ ዱቄትና ኪኒን እያሉ የሚሸጡላችሁን እለፉ፤ ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ወይም ሽንት የሚያበዙ ናቸው፤ የሚያወጡት ውሃና ጨው እንጂ ስብ አይደለም።

ሚዛኑ ሁልጊዜ ያው አንዱ ይሁን። ከመድኃኒት ቤት ከሆነ ከመድኃኒት ቤቱ፣ መንገድ ዳር ሚዛን ከያዙት ልጆች ከሆነም ከአንዱ ጋር ጽኑ። ደሴ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሚዛኑ የተቀመጠበት ቦታ ዘንበል ካለ ይሳሳታል፤ የከተማችን አስፋልት ደግሞ ሜዳ የሚባል ብዙ የለውም። ልጁን «ደልደል ያለ ቦታ አድርግልኝ» በሉት፤ ከመውጣታችሁ በፊት ቁጥሩ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበሉ፣ ጫማና ጋቢ አውልቃችሁ ተመዘኑ። በየቀኑ አትመዘኑ፤ ጨው የበዛበት አንድ እራት ብቻ በማግስቱ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ወገባችሁን በመጨረሻዋ ጎድንና በዳሌ አጥንት መሐል፣ ትንፋሽ ካስወጣችሁ በኋላ ለኩ። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለልብና ለስኳር ሕመም ያለው ስጋት መጨመር ይጀምራል።

ከዚያ ክብደታችሁን በኪሎ፣ ቁመታችሁን በሜትር አስሉ፤ ክብደቱን ለቁመቱ፣ ያገኛችሁትን እንደገና ለቁመቱ አካፍሉ። 72 ኪሎ የሆነችና 1.60 ሜትር የምትረዝም ሴት 28 ገደማ ታገኛለች። ከ18.5 በታች ከሆነ መቀነስ የለባችሁም። እስከ 25 ድረስ ደህና ነው፤ ወገባችሁም ካልሰፋ እዚሁ አቁሙ። ከ25 በላይ ከሆነ ቀጥሉ።

ግባችሁን ሩቅ አታድርጉ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ይበቃል። 80 ኪሎ የሆነ ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ለግፊትና ለስኳር የሚታይ ጥቅም አለው።

ደረጃ 3፦ አንድ ሳምንት ምንም ሳትቀንሱ ጻፉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ዘልሎት ያልፋል። ለሰባት ቀን እንደወትሯችሁ ብሉ፣ ግን አፋችሁ የገባውን ሁሉ ጻፉ። «ምሳ፦ ሽሮ» አይበቃም። «ምሳ 7 ሰዓት፣ አንድ እንጀራና ሩብ፣ ሽሮ ሦስት ጭልፋ፣ ሚሪንዳ አንድ» ብላችሁ ጻፉ። የቡናውን ስኳር በማንኪያ ቁጠሩ። ከልጁ ሳህን የተረፈውን የበላችሁትን፣ ወጥ ስትቀምሱ በእንጀራ የጠቀሳችሁትን፣ መናኸሪያ ላይ የገዛችሁትን ፓስቲ ሁሉ ጻፉ።

በሰባተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ገልጣችሁ ሦስት ነገር አስምሩበት፦ ዘይት የበዛበትን፣ ስኳር ያለበትን ፈሳሽ፣ በምግብ ሰዓት መሐል የገባውን። በአብዛኛው ቤት ውፍረቱ ከእነዚህ ሦስቱ ይመጣል። ሽሮና እንጀራ አብረው በመቅረባቸው የመጣ ግን አታገኙም።

ደረጃ 4፦ የያዛችሁትን ሕግ አንድ በአንድ ፍቱ

*«ኃይል ሰጪና ገንቢ አይገናኙም።»* ተዉት። ሽሮው ራሱ ሁለቱንም ይዟል፤ ሽምብራ ከመቶ 20 ያህሉ ፕሮቲን፣ 60 ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ጤፍም ከመቶ 10 በላይ ፕሮቲን አለው። እህሉ ውስጥ አንድ ላይ የተፈጠረውን ማንም ለያይቶ ሊበላው አይችልም። ሰውነታችንም ተለያይቶ እንዲመጣለት አይጠብቅም፦ ቆሽት ስታርች የሚፈጨውን፣ ፕሮቲን የሚፈጨውንና ስብ የሚፈጨውን ኢንዛይም ባንድነት ወደ ትንሹ አንጀት ያፈሳል። የእናት ጡት ወተት ስኳርም ፕሮቲንም ስብም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጨቅላውም ይፈጨዋል። እንዲያውም እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ እህሉ የሚያጥረውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላለታል። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮና በምስር ያበሉን በከንቱ አይደለም።

*«ፍራፍሬ በባዶ ሆድ ብቻ።»* ፍራፍሬውን ያዙ፣ ሰዓቱን ተዉ። ፍራፍሬ ሌላ ምግብ ላይ ሲያርፍ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል የሚባለው ልክ አይደለም፤ የጨጓራ አሲድ ባለበት እንዲህ ያለ መበስበስ የለም። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ብርቱካን ቢበላ የሚያተርፈው ማቃጠል ነው። ምስር ላይ የሚጨመቅ ሎሚ ወይም አብሮ የሚቀርብ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ በምስሩ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል። ደም ማነስ ላለባቸው ሴቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መለየቱን የሚከተሉ ግን ይህን ያጣሉ።

*«ወተት ለብቻው።»* ወተት ሆዳችሁን የሚነፋችሁ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ አዋቂ ሰው የወተትን ስኳር በደንብ ስለማይፈጭ ነው፤ ለብቻው ብትጠጡትም ይነፋችኋል። እርጎና አይብ ሞክሩ፤ ብዙዎች ይስማማቸዋል።

*«ምግብ ላይ ውሃ አይጠጣም።»* ተዉት። ከምግብ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፤ ቶሎ ለመጥገብ ይረዳል።

*«ሦስት አራት ሰዓት ጠብቁ።»* ይህን ያዙት። ከመላው ሕግ ውስጥ የሚሠራው ይህ ነው፤ የሚሠራውም በምግብ መሐል መቆርጠምን ስለሚያስቀር ነው።

ደረጃ 5፦ ዘይቱን ከጀሪካን ወደ ማንኪያ አውርዱ

ከሁሉም ደረጃ ይህ ይበልጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። የሚረጋ ይሁን ፈሳሽ፣ የሱፍ ይሁን የኑግ፣ ለውፍረት ልዩነት የለውም፤ ቅቤም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከጀሪካን በቀጥታ ድስት ውስጥ የሚንቆረቆር ዘይት ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የቡና ስኒያችሁን ውሃ ሞልታችሁ ስንት የሾርባ ማንኪያ እንደሚይዝ አንድ ጊዜ ለኩ። አምስት ገደማ ታገኛላችሁ። በአንድ ስኒ ዘይት የተሠራ ወጥ 600 ኪሎ ካሎሪ ከዘይቱ ብቻ አለው ማለት ነው።
2. ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደረቁ አቁላሉ። ድስቱ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ አድርጉበትና አማስሉ። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙ፤ ሽንኩርቱ ይለሰልሳል፣ መልኩ ይለወጣል።
3. ከዚያ በኋላ ብቻ ዘይቱን በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ፤ ለአንድ በላተኛ በአንድ ማዕድ አንድ ማንኪያ። አምስት ሰው ከሆነ አምስት። ሁለት ዓይነት ወጥ ካለ ያው አምስቱ ለሁለት ይካፈላል።
4. በርበሬውን ጨምሩና በትንሽ ውሃ አብስሉ፤ ካልበሰለ ቃናው ይመራል፤ ከዚያም ሰው «ዘይት አንሶት ነው» ይላል።
5. ነጭ ሽንኩርቱን፣ ኮረሪማውንና በሶብላውን አታሳንሱ። ዘይት የቀነሰ ወጥ የሚጣፍጠው በቅመሙ ነው።

ወጡን የምትሠሩት እናንተ ካልሆናችሁ ከሚሠራው ሰው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። «እማዬ፣ ሐኪም ዘይት ቀንስ ብሎኛል፣ ለእኔ ዘይቱ ከመግባቱ በፊት ትንሽ አንሺልኝ» ማለት ይበቃል። ምግብ ቤት ስትበሉ በያይነቱ እዘዙና ላዩ ላይ ዘይት የተንሳፈፈበትን ወጥ ከዳር እየጠቀሳችሁ ብሉ።

ደረጃ 6፦ እንጀራውን ከመሶብ ሲወጣ ወስኑ

ከጋራ ትሪ ላይ ስትበሉ ስንት እንደበላችሁ መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ መጠኑ ከመቅረቡ በፊት ይወሰን። እንጀራውን ከመሶብ አውጡ፣ አንዴ እጠፉት፣ ደግማችሁ እጠፉት፤ ያ ሩብ ነው። የማሽላ ከሆነ ሲታጠፍ ስለሚሰነጣጠቅ በእጅ ከፋፍሉት። በደብተራችሁ ላይ ምሳ አንድ እንጀራ የሚል ካለ ከነገ ጀምሮ ሦስት ሩብ ይሁን። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ካልከበዳችሁ ወደ ግማሽ ውረዱ። ከዚያ በታች ለምሳ አትውረዱ።

የለካችሁትን ከፊታችሁ አድርጉ፤ እሱ ሲያልቅ እጃችሁን አንሱ። ከወጡ ሥር የተነጠፈው እንጀራ ዘይቱን መጥጦ የያዘው ስለሆነ እሱን ተዉት። ይህ ለብዙዎች ከባድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከገበታው ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ፍቀዱለት።

ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ከፊታችሁ ካለው ግማሹን ቦታ ይያዙ። ከእነሱ ጀምሩ። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል ወይም ሥጋ አንድ አራተኛውን ይያዝ፤ ይህን አትቀንሱ፣ እስከ ቀጣዩ ማዕድ የሚያቆያችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ቀኑን በሰዓት ያዙ

ጠዋት 2 ሰዓት፦ ሩብ እንጀራ ፍርፍር በአንድ ማንኪያ ዘይት ከአንድ የተቀቀለ እንቁላል ጋር፣ ወይም አንድ ሲኒ ቅንጬ፣ ወይም ሁለት ቁራጭ ዳቦና እንቁላል። ቁርስ ሳትበሉ መዋል የለመዳችሁ ከሆነ በግድ አትጀምሩ።

6 ሰዓት ተኩል፦ ደረጃ 6 ላይ የወሰናችሁት እንጀራ፣ ሁለት ጭልፋ ሽሮ ወይም ምስር፣ ጎመን እስክትጠግቡ።

10 ሰዓት፦ አንድ ፍራፍሬ፦ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ወይም የእጅ መዳፍ የምታክል የፓፓያ ቁራጭ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከወደ ሐርቡና ከሚሴ የሚመጣ ፍራፍሬ ቅርባችሁ ነው፤ ደሴ ያላችሁ ሰኞ ገበያ ስትወርዱ የሳምንቱን ያዙ። ጭማቂ አታድርጉት፤ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ሦስት አራት ፍሬ ይበላል፣ ላዩ ላይም ስኳር ይጨመርበታል።

ማታ 1 ሰዓት፦ የአትክልት ሾርባ ወይም ሰላጣ፣ ሩብ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ወጥ።

የደብተራችሁ ድምር ከ1,200 ኪሎ ካሎሪ በታች የሚወርድ ከመሰላችሁ ያለ ባለሙያ ክትትል አትቀጥሉ።

ደረጃ 8፦ ቡናውን፣ ለስላሳውንና «በሞቴ»ን

ወሎ ውስጥ ቡና ተውልኝ ማለት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ቡናው ራሱ አያወፍርም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዳቸው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባባቸው ግን በአንድ ጀበና ስድስት ማንኪያ፣ 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ በቀን ሁለቴ ከተጠጣ እጥፍ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በእያንዳንዱ ስኒ አንድ ማንኪያ፣ በሁለተኛው ግማሽ አድርጉ። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ።

የቡና ቁርሱን አንዴ ብቻ ዝገኑ። ቆሎም ቢሆን 100 ግራሙ ወደ 400 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል፤ ለውዝ ከተቀላቀለበት ይበልጣል። ትሪው ጭናችሁ አጠገብ ሲቀመጥ እጅ ሳይታወቀው ስለሚመላለስ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ይህን ተዉ።

እንግድነት ስትሄዱ ተርባችሁ አትሂዱ። ጉርሻ ሲመጣ አንዱን ተቀበሉ፤ እምቢ ማለት ያስቀይማል። ሁለተኛው ሲመጣ «ጠግቤያለሁ እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ»፣ እንደ ቤቱም «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» በሉና ውሃ አንሱ። «ዳይት ላይ ነኝ» አትበሉ፤ ክርክሩ ከምግቡ ይረዝማል።

ደረጃ 9፦ ጾም፣ ረመዳንና ፍስክ

ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት መለየትን መከተል ጉዳት አለው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በሌለበት ሽሮና ምስርን «ከእንጀራ ጋር አይገናኙም» ብሎ የሚተው ሰው የሚቀረው ጎመንና ድንች ነው። በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ባቄላ ገንቢያችሁ ናቸው፤ በየማዕዱ ይኑሩ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የመጀመሪያውን ምግብ በሾርባ ወይም በጎመን ጀምሩና ቀስ ብላችሁ እንጀራ ያዙ።

በረመዳን ሱሁርን አትዝለሉ፤ የዘለለ ሰው ኢፍጣር ላይ መጠን አይዝም። ጾሙን በሦስት ተምርና በውሃ ፍቱ፣ ሾርባ ጠጡ፣ ስገዱ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ምግብ ቅረቡ። ሳምቡሳ አንድ።

ለፋሲካ፣ ለኢድ፣ ለመውሊድና ለሠርግ አንድ ማዕድ እንደ ሰው ብሉ። ቀኑን ሙሉ ወይም ሳምንቱን ግን አታድርጉት።

ደረጃ 10፦ ተራመዱ

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አቀበቱ ራሱ ሥራ ነው፦ ባጃጁን ከመጨረሻው አቀበት በፊት ውረዱና በእግር ውጡ። ጉልበት የሚያማችሁ አቀበቱን በእግር፣ ቁልቁለቱን በባጃጅ አድርጉት፤ ጉልበት የሚጎዳው ሲወርዱ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ይሞቃልም፤ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ውጡ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

*በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ወርዶ ከዚያ ቆመ።* አትደናገጡ። መጀመሪያ የሚወርደው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ሰውነት ያከማቸው ኃይል ሰጪ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል። መለየቱ የሚሠራ የመሰላችሁም በዚሁ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ያለውን ብቻ ቁጠሩ።

*ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ አልተንቀሳቀሰም።* ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሦስት ቀን እንደ ደረጃ 3 ጻፉ። ብዙ ጊዜ ዘይቱ ተመልሶ ወደ ጀሪካን ሄዷል። ወገባችሁንም ለኩ፤ ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ እየጠበበ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው።

*ሆድ ይነፋል።* መለየትን ከሚጀምሩት ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ነው የሚጀምሩት፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል ፈትሹ። መጀመሪያ ጥራጥሬው መብሰሉን እዩ፦ በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ እንደ ቆላው ቶሎ አይበስልም። ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ፍሬው በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርጥ ቀቅሉ። ሁለተኛ፣ ወተትን ለሁለት ሳምንት ተዉና ለውጡን እዩ። ሦስተኛ፣ ካልተሻላችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ ተመርመሩ፤ ጃርዲያ፣ አሜባና የጨጓራ ባክቴሪያ በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው፣ ምግብ በመለየት አይወጡም። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ቀን አትቁጠሩ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

*ሆዴ ይደርቅብኛል።* ውሃ ጨምሩ፤ በደሴ ብርድ ጥም ስለማይሰማ ሰው ሳይጠጣ ይውላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ።

*ማታ 4 ሰዓት ላይ ረሃብ ያስነሳል።* እራታችሁ ላይ ገንቢው አንሷል። አንድ ጭልፋ ምስር ወይም አንድ እንቁላል ጨምሩ፣ እንጀራውን እንደነበር ተዉት።

*ማዞር፣ ድካም፣ የፀጉር መነቀል፣ የወር አበባ መቅረት።* ከመጠን በላይ ቀንሳችኋል። አቁሙ፣ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሱ፣ ደም ተመርመሩ።

*ከሁለተኛው ሳምንት በኋላም በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ይወርዳል።* በየማዕዱ ሩብ እንጀራ ጨምሩ። ጨምራችሁም ከቀጠለ፣ በተለይ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ትኩሳት ካለ፣ የቲቢና የስኳር ምርመራ አድርጉ።

*ሠርግ ላይ በዛብኝ።* በማግስቱ አትጹሙበት። ወደ ደረጃ 7 ሰዓታችሁ ተመለሱ፤ ሚዛን ላይ ለመውጣትም አራት ቀን ጠብቁ።

*ያሰብኩበት ክብደት ላይ ደረስኩ።* በአንድ ጊዜ አትልቀቁ። ምሳ ላይ ሩብ እንጀራ መልሱና አንድ ወር እዩ። ክብደቱ ከቆመ መጠናችሁ እሱ ነው። ዘይቱ በማንኪያ መለካቱን ይቀጥል። ከዚያ በኋላ በወር ሁለት ጊዜ ተመዘኑ፤ 2 ኪሎ ከጨመረ ደብተሩን አውጡና ከደረጃ 3 ጀምሩ።